አበዳሪው ስለ ሴቶች ሲጽፍ

የዓለም ባንክ ከ1978 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ትልቅ የልማት ሪፖርት ያወጣል (ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድህነት፣ ግብርና፣ ጤና፣ መሠረተ ልማት በየተራቸው የሪፖርቱ ርዕስ ሆነዋል። የሴቶችና የወንዶች እኩልነት ግን ለብቻው ርዕስ እስኪሆን ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ተራው የደረሰው በመስከረም 2011 በወጣው «የዓለም የልማት ሪፖርት 2012፦ የጾታ እኩልነትና ልማት» ነው። በአና ሬቬንጋና በሱዲር ሼቲ የተመራ ቡድን ያዘጋጀው፣ ዘጠኝ ምዕራፎችና ከ400 በላይ ገጾች ያሉት ሰፊ ሥራ ነው።

ይህን ሪፖርት ዛሬ ማንሳት የወደድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን በምትፈርማቸው የልማት ብድሮች ውስጥ «የሴቶች ተጠቃሚነት» በሚል ርዕስ ሥር የሚሰፍረው አስተሳሰብ በአብዛኛው መልክ ይዞ የተገለጠው በዚህ ሪፖርት ነው ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ ደግሞ ከባንኩ የዝቅተኛ ወለድ ክንፍ፣ ከዓለም አቀፉ የልማት ማኅበር፣ ብዙ ገንዘብ ከሚወስዱ አገሮች አንዷ ናት። አበዳሪው ሴትን በምን ዓይን እንደሚያይ የተረዳ ሰው፣ ነገ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የውሃ ቦኖው የት እንደሚተከል፣ ብድሩ በማን ስም እንደሚወጣ አስቀድሞ መገመት ይችላል።

ከሚያስመሰግነው ልጀምር። ኢኮኖሚስቶች ቤተሰብን እንደ አንድ ሰው ሲቆጥሩ ኖረዋል። አንድ ገቢ፣ አንድ ፍላጎት፣ አንድ ውሳኔ ያለው አድርገው ያስሉታል። ፕሮጀክት ነዳፊዎችም አባወራውን ካነጋገሩ ቤቱን ሁሉ ያነጋገሩ ይመስላቸው ነበር። ሪፖርቱ ይህን ግምት በማስረጃ ይንደዋል። በቡርኪና ፋሶ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ሰብል በየራሳቸው ማሳ ይዘራሉ፤ ማዳበሪያውና የሰው ጉልበቱ ግን ወደ ባል ማሳ ያደላል፤ በሚስት ማሳ ምርቱ ያንሳል። ያው በእጃቸው ያለው ግብአት በሁለቱ ማሳ መካከል በተሻለ ቢደለደል ብቻ የቤቱ ምርት ወደ 6 በመቶ ከፍ ይል ነበር። በማላዊ ሴት አርሶ አደሮች ማዳበሪያና ሌላውን ግብአት እንደ ወንዶቹ ቢያገኙ የበቆሎ ምርታቸው ከ11 እስከ 16 በመቶ፣ በጋና ደግሞ 17 በመቶ እንደሚጨምር ሪፖርቱ ያሰላል።

ከጋና የመጣ ሌላም ጥናት አለ፤ እኔ ከሁሉም የበለጠ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በይዞታዋ የማትተማመን ሴት መሬቷን ጦም አታሳድርም። ለዓመታት ሳይታረስ የተተወ ማሳ ሌላ ሰው ይወስደዋልና። መሬቱ ሳያርፍ ይታረሳል፣ ይደክማል፣ ምርቱ ይቀንሳል። ከዳር ቆሞ ለሚያይ «ሴቷ ደካማ ገበሬ ናት» የሚያሰኘው ነገር ሲመረመር ምንጩ የመብት ማጣት ሆኖ ይገኛል። የግብርና ባለሙያ ልኮ ሴቶችን ስለ መሬት ማሳረፍ ጥቅም የሚያስተምር ፕሮጀክት እዚያ አገር ምንም አይጠቅምም ነበር። ሴቶቹ ጥቅሙን ያውቁታል፤ የጎደላቸው የይዞታ ዋስትና ነው። ችግርን ከሥሩ የሚያሳዩ እንዲህ ያሉ ገጾች ሪፖርቱ ውስጥ በርካታ ናቸው፤ ለማንኛውም የፕሮጀክት ባለሙያ የግዴታ ንባብ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ሪፖርቱ ከፍ የሚልበት ሌላ ቦታ ስለ ሞት የሚናገርበት ነው። በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች በየዓመቱ ወደ 3.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ከ60 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችና ልጃገረዶች በሕይወት መኖር ሲገባቸው የሉም። ከእነዚህ ወደ ሁለት አምስተኛው ወንድ ልጅ ስለሚመረጥ ሳይወለዱ የቀሩ ናቸው፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በመውለጃ ዕድሜያቸው የሞቱ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ለሕፃናቱ ሞት ንጹሕ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና፣ ለእናቶቹ ሞት የሚሠራ የጤና ተቋም መፍትሔ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣሉ። እዚህ ላይ ስለ ምርታማነት የሚያወሩት ነገር የለም። ሰው ሞቷል፤ መዳን ይችል ነበር፤ በቂ ምክንያት ነው። ይህ ድምፅ በመላው ሪፖርት ቢዘልቅ ኖሮ የምጽፈው ሂስ አጭር ይሆን ነበር።

አልዘለቀም። ሪፖርቱ ከመጀመሪያው ሁለት ምክንያቶችን አጣምሮ ይዞ ይነሣል። እኩልነት በራሱ የልማት ግብ ነው ይላል፤ ወዲያው ደግሞ እኩልነት «ብልህ ኢኮኖሚ» ነው፣ ምርት ያሳድጋል፣ ለቀጣዩ ትውልድ ይጠቅማል ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ችግሩ በየምዕራፉ ክብደቱን የሚሸከመው ሁለተኛው መሆኑ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣንን ማሳመን የሚቻለው በቁጥር ስለሆነ ይህን መንገድ መምረጣቸው ይገባኛል። የሚከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ሴት የምትፈልገው ነገር ተቀባይነት የሚያገኘው ወደ ምርት ሲለወጥ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ምርት የማይለወጠው ፍላጎቷ ከፕሮጀክቱ ይወጣል።

የዚህን አደጋ በጉልህ የሚያሳይ አንድ ጥናት ከሞሮኮ አለ። በታንጀር ከተማ ውሃ ከሕዝብ ቦኖ የሚቀዱ ቤተሰቦች መስመር ወደ ግቢያቸው እንዲገባላቸው ከወለድ ነፃ ብድር እንዲወስዱ ተመቻቸላቸው፤ በ2012 የታተመው ጥናት እንደሚለው ዕድሉ ከቀረበላቸው 69 በመቶው ተበድረው አስገቡ፤ ካልቀረበላቸው ግን ያስገቡት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያስ? ገቢ አልጨመረም። ሥራ የጀመረ ሰው ቁጥርም አልጨመረም። የቦኖው ውሃ ቀድሞም ንጹሕ ስለነበር በውሃ ወለድ በሽታ ላይ እንኳ የታየ ለውጥ የለም። በምርት ሚዛን ብቻ የሚመዝን ሰው «ፕሮጀክቱ አልሠራም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ ነገር አዩ። ውሃ በመቅዳት ያሳልፉት የነበረውን ሰዓት ሰዎቹ ዐረፉበት፤ ዘመድ ጠየቁበት። ውሃ ከጎረቤት ሲቀዳ የሚነሣው ጭቅጭቅ ቀረ፤ በኑሯቸውም ይበልጥ ደስተኛ ሆኑ። ይህን ሁሉ ያገኙት ደግሞ በየወሩ ከኪሳቸው እየከፈሉ፣ ተበድረው ነው። ፍላጎታቸውን በገንዘባቸው መስክረዋል።

ሪፖርቱ ራሱ በብዙ አገሮች ሴቶች ከወንዶች በቀን ከ1 እስከ 3 ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ በቤት ሥራ እንደሚያሳልፉ፣ ልጅ፣ አረጋዊና በሽተኛ ለመንከባከብ ደግሞ ከሁለት እስከ ዐሥር እጥፍ የሚደርስ ጊዜ እንደሚያውሉ ጽፏል። ይህን ካየ በኋላ የሚያነሣው ዋና ጥያቄ ግን «ያ ጊዜ ለገበያ ሥራ ቢውልስ?» የሚል ነው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታ እንጨት የምትለቅም፣ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጀራ ጋግራ ልጅ አዝላ ማሳ የምትወርድ እናት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ማረፍ ሊሆን ይችላል። ድካሟ ቢቀልላት ሁለት ሰዓት ተኝታ ብታድር የብድሩ ገንዘብ ባክኗል የሚል ሰው አለ? እኔ የለም እላለሁ። የአብዛኞቹ ፕሮጀክቶች መለኪያ ሰንጠረዥ ግን ለዕረፍት የሚሆን ዓምድ የለውም።

በዚህ ረገድ ሪፖርቱን የተቹት ጥቂት አይደሉም። ሲልቪያ ቻንትና ካሮላይን ስዊትማን በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሴቶች ሌላውን ሁሉ እንዲያቀኑ እየተጠየቁ ዓለሙ ራሱ ሳይቀና የሚቀርበት አካሄድ ነው ብለው ተቃውመዋል። ሻህራ ራዛቪም በዚያው ዓመት ሪፖርቱ ስለ ማክሮ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ያለውን ድክመት አሳይታለች። የራዛቪ ነጥብ ይበልጥ ይመዝናል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ብድር ያገኙት በመዋቅራዊ ማስተካከያ ስም የመንግሥት ወጪ እንዲቀንሱ በታዘዙበት ቅድመ ሁኔታ ነው። ጤና ጣቢያው ገንዘብ ሲያስከፍል በሽተኛውን እቤት የምታስታምመው ሴት ናት። ከሪፖርቱ ዘጠኝ ምዕራፎች አንዱም ለዚህ ታሪክ አልተሰጠም። ስለ ባሎች፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ልማድ በድፍረት የሚጽፈው አበዳሪ፣ ብድሩ ራሱ ለሴቶች ምን እንዳደረገ አይመረምርም።

ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ ጋምቢያ ነበረችለት። በጋምቢያ ወንዝ ዳርቻ በረግረጋማው መሬት ሩዝ የሚያመርቱት ከጥንት ጀምሮ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ለገበያ ኦቾሎኒ፣ ለምግብ ደግሞ ማሽላ ይዘራሉ። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባውን ሩዝ ለመቀነስ በመስኖ የሚለማ ሩዝ ለማስፋፋት ሦስት ፕሮጀክቶች ተከታትለው መጡ። የታይዋን ባለሙያዎች ከ1966 እስከ 1974፣ የዓለም ባንክ ከ1973 እስከ 1976፣ ከዚያም ቻይናውያን። ጄኒ ዴይ የተባለች ተመራማሪ በ1981 ባሳተመችው ጥናት ያሳየችውን የሦስቱንም ጥፋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለል ይቻላል፤ ሩዙን የሚያውቁት ሴቶች ሳሉ መሬቱም፣ ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ብድሩም፣ ሥልጠናውም ለወንዶች ተሰጠ።

ከዚያ የሆነው ለነዳፊዎቹ ያልታሰበ ነበር። ችግኝ ማፍላትና ማዛመት፣ ማረም፣ ማጨድ ያለ ሴቶች ጉልበት አይሆንም። ሴቶቹ ደግሞ የራሳቸው ማሳ አላቸው። በባሎቻቸው የመስኖ ማሳ የሚሠሩ ከሆነ ክፍያ ጠየቁ፤ ክፍያ ካላገኙ ወደ ረግረጋማው የራሳቸው ሩዝ ሄዱ። የታቀደው ምርት አልተገኘም። ዴይ የምታሳየው በደል ብቻ አይደለም፤ የምርቱ ዕቅድ ራሱ የወደቀው ሴቶቹን እንደሌሉ ስለቆጠራቸው መሆኑን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ክፍል ይበልጥ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ስሕተት የተሠራው የመጀመሪያው ከታወቀ በኋላ ነው። በ1984 ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ከሌሎች አበዳሪዎችና ለጋሾች ጋር ሆኖ የጃሃሊ–ፓቻር የመስኖ ፕሮጀክትን ጀመረ። በዚህ ጊዜ ትምህርት ተወስዷል፤ ማሳው በሴቶች ስም እንዲመዘገብ ተደረገ። ተመራማሪዋ ጁዲት ካርኒ ያደረገችው ጥናት ግን ከምዝገባው በኋላ ምን እንደተከተለ ያሳያል። በአካባቢው በሚኖረው የማንዲንካ ሕዝብ ልማድ ሁለት ዓይነት ማሳ አለ። አንደኛው የቤቱ የጋራ ማሳ ነው፤ ሁሉም ይሠራበታል፣ እህሉ ግን በአባወራው እጅ ነው። ሁለተኛው የግል ማሳ ነው፤ ምርቱ የሠራው ሰው ነው። የመስኖው መሬት መዝገቡ ላይ የሴት ስም ቢኖርበትም አባወራዎቹ የቤቱ የጋራ ማሳ ነው ብለው ወሰዱት። ሴቶቹ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚያመርተው በዚህ ማሳ ያለ ዕረፍት እየሠሩ የግል ማሳቸውንና ከእሱ የሚያገኙትን ገቢ አጡ። ብዙዎቹ ተቃወሙ፤ አንዳንዶቹ ጉልበታቸውን ነፈጉ። በወረቀት ላይ ያለ ስም በቤት ውስጥ ያለን ሥልጣን ለብቻው አያነቃንቅም።

ሪፖርቱ ይህን ታሪክ ከነዝርዝሩ ቢይዝ ኖሮ ስለ መሬት ምዝገባ የሚናገረው ነገር ይበልጥ ጥንቃቄ ይኖረው ነበር። ኢትዮጵያን በበጎ የሚያነሣው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። በ1998 በትግራይ፣ ከዚያም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ የተጀመረው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በአፍሪካ ርካሽና ፈጣን ከሚባሉት ምዝገባዎች አንዱ ነው፤ ለአንድ ማሳ የወጣው ወጪ ከአንድ ዶላር ያልበለጠ ነበር። በትግራይ ደብተሩ በአባወራው ወይም በእማወራዋ ስም ብቻ ሲወጣ፣ በኋላ በጀመሩት ክልሎች የባልና የሚስት ስም ተጻፈ፤ በአማራና በደቡብ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። የመሬት ኮሚቴው ውስጥም ሴት እንድትገባ ተደረገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲፋቱ ባዶ እጇን ከቤት ትወጣ የነበረች ሴት አሁን የምታሳየው ማስረጃ አላት። የመጀመሪያው ዙር ምዝገባ በአመዛኙ የክልሎቹ ሥራ እንደነበረ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ትልልቆቹ የውጭ ገንዘቦች የገቡት ካርታ በሚነሣበት በሁለተኛው ዙር ነው። መልካሙ ሐሳብ ከብድሩ ቀድሞ እዚሁ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ የአገራችን ጉዳይ አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባል ሚስቱ ከቤት ውጭ እንዳትሠራ የመከልከል ሥልጣኑን አንሥቶ፣ የጋራ ንብረትን ለሁለቱም እኩል አድርጎ፣ የጋብቻን ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አድርጓል። መጀመሪያ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ ከዚያም ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ተግባራዊ ስላደረጉት ተመራማሪዎች ቀድሞ የደረሰበትን ቦታ ካልደረሰበት ጋር አነጻጽረው፣ ሕጉ በደረሰበት ሴቶች ከቤት ውጭ ወደሚሠራና የተሻለ ወደሚከፍል ሥራ መሻገራቸውን አይተዋል። ጥናቱ የባንኩ ባለሙያ የተሳተፈበት ነው፤ ለባንኩም ትልቅ ማስረጃ ነው።

ይህን ሕግ ግን ያመጣው ብድር አይደለም። በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ጠበቃ እየቆመ፣ እየተከራከረ፣ በአደባባይ እየጮኸ ለዓመታት የታገለለት ነው። የባንኩ ሪፖርት እየተዘጋጀ በነበረበት ሰዓት ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ፣ ይኸው ማኅበር ሠራተኞቹን እየበተነ፣ ቢሮዎቹን እየዘጋ ነበር። ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለመሻር ዐሥር ዓመት ፈጅቷል። በዚያ ዐሥር ዓመት የልማት ብድሩ አልቆመም። መንገድና ግድብ እየተገነባ፣ ስለ ሴቶች ተጠቃሚነት በየሰነዱ እየተጻፈ፣ ሴቶቹ ስለራሳቸው የሚናገሩበት ማኅበር ግን ትንፋሽ አጥቶ ቆየ። በባንኩ አሠራር ላይ ካለኝ ቅሬታ ሁሉ ይህ የከበደ ነው።

ሪፖርቱ በወጣ በዓመቱ፣ በ2012፣ ባንኩ ለኢትዮጵያ የሴቶች ኢንተርፕሬነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት የ50 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ሪፖርቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ አበዳሪውም ተበዳሪውም ብዙ ሊመሰገኑበት የሚገባ ሥራ ነው። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና ድሬዳዋ ላይ ተጀመረ። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ይሰጥ ነበር፤ እነርሱ ለሴት ነጋዴዎች ያበድሩ ነበር። ነዳፊዎቹ ያዩት ችግር ትክክለኛ ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ ወይም ዳቦ ጋጋሪ በቡድን ዋስትና የምትበደረው ገንዘብ ማሽን አይገዛላትም። ወደ ባንክ ብትሄድ ደግሞ ባንኩ ከብድሩ እጥፍ የሚሆን መያዣ ይጠይቃታል። መያዣ ማለት የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ነው፤ ሁለቱም በአብዛኛው በባል ወይም በአባት ስም ናቸው። ሥራዋ ለቡድን ብድር ትልቅ፣ ለባንክ ትንሽ ሆኖ ትቀራለች።

ፕሮጀክቱ ይህን ክፍተት የሞላበት መንገድ ብልሃት አለው። የግል ብድር እንዲሰጥ አደረገ፤ መያዣ የሌላትን ሴት የመክፈል ዝንባሌ የሚለካ የሥነ ልቦና መመዘኛ ፈተና አስሞከረ፤ ሥልጠና ጨመረ። ብድሩን የመለሱት ወደ 99 በመቶ ደረሱ። ኋላም ጣሊያን፣ ጃፓንና የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ገንዘብ ጨመሩበት። ሴቶች ብድር አይመልሱም የሚለው ፍርሃት መሠረት እንደሌለው ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም። ከዓመታት በኋላ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ለማስያዝ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መውጣቱም፣ ማሽንና ዕቃ እንጂ ቤት የሌላትን ሴት የሚጠቅም በመሆኑ፣ በዚያው አቅጣጫ የተወሰደ እርምጃ ነው።

የፕሮጀክቱ ወሰን ግን የሪፖርቱ ወሰን ነው። የታቀደው ለማደግ አቅም ላላት፣ የንግድ ፈቃድ ላላት፣ ከተማ ለምትኖር ሴት ነው። እሷም መረዳቷ ተገቢ ነው፤ ጉሊት የምትቸረችረዋና ጠላ ጠምቃ ልጆች የምታሳድገዋ ግን ከዚህ ብድር ውጭ ናቸው። ደግሞም ብድሩን የወሰደችው ሴት ሱቋ ሲሰፋ ልጇን ማን ይይዝላታል? ቤት የቀረችው ታላቅ ልጇ ከሆነች፣ የእናቲቱ ገቢ ከልጅቱ ትምህርት ላይ እየተቀነሰ ነው ማለት ነው፤ የትኛውም የብድር መዝገብ ግን ይህን አያሳይም። አን ማሪ ጎትዝና ሪና ሴን ጉፕታ በ1996 በባንግላዴሽ ያደረጉት ጥናት፣ በሴቶች ስም ከወጡት ብድሮች ብዙዎቹ ላይ ዋናው አዛዥ ባል ወይም ሌላ ወንድ ዘመድ እንደነበረ አሳይቷል። የተበዳሪ ሴቶችን ቁጥር ብቻ የሚያስታውቅ ሪፖርት ሳነብ ሁልጊዜ የሚቀርብኝ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ልማታዊ ሴፍቲኔት የዚሁ ክፍተት ሌላ ገጽታ ነው። በ2005 የተጀመረውና በባንኩና በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ የሚደገፈው፣ ድሃ የገጠር ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፈው ድጋፍ የሚያገኙበት ይህ ፕሮግራም በመመሪያው ላይ ለሴቶች ያሰበው ነገር ብዙ ነው። ነፍሰ ጡሮች ከማኅበረሰብ ሥራው ወጥተው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ሴቶች ዘግይተው መምጣት፣ ቀድመው መሄድ ይችላሉ፤ በሥራው ቦታ የሕፃናት ማቆያ ይዘጋጃል። የቤት ውስጥ ድካም እንደ ሥራ ተቆጥሮ የተነደፈ ፕሮጀክት ማየት ያስደስታል። ተግባሩን የመረመሩ ጥናቶች ግን የሕፃናት ማቆያው በብዙ ቦታ እንዳልተሠራ፣ ሰዓቱም እንደ መመሪያው እንዳልተጠበቀ ደጋግመው ጽፈዋል። እርከን ስንት ሄክታር እንደተሠራ በየወሩ የሚጠየቅ የወረዳ ባለሙያ፣ ማቆያው ተሠርቶ እንደሆነ የሚጠይቀው ከሌለ፣ ጉልበቱን የሚያውለው በሚጠየቅበት ላይ ነው።

ለእኔ ከሪፖርቱ የላቀው ስምንተኛው ምዕራፍ ነው። ለውጥ የሚመጣው ሴቶች ተደራጅተው ሲጠይቁ፣ መንግሥትም ሲሰማ መሆኑን ይናገራል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ግን ወደ አበዳሪዎችና ለጋሾች ሲዞር ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዕውቀትና ስለ ትብብር ነው የሚያወራው። በእነዚህ ሁለት ምዕራፎች መካከል መገኘት የነበረበት ጥያቄ የጎደለ ይመስለኛል፦ ሴቶቹ የሚጠይቁት መቼ ነው? ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ወይስ በኋላ?

በአገራችን የብድር ስምምነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ይጸድቃል፤ በነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል። ያ አዋጅ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው፤ የገንዘቡን ልክ፣ ዓላማውንና የሚያስፈጽመውን መሥሪያ ቤት ይናገራል። ውሃው ለማን እንደሚደርስ፣ የሕፃናት ማቆያው በማን በጀት እንደሚሠራ፣ ባል ለብድሩ ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ የተጻፈው በባንኩ የፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ ነው። አዋጁ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ የዚያ ሰነድ ሴቶችን የሚመለከተው ክፍል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ተተርጉሞ አብሮ ይቅረብ። የሴቶች ማኅበራት አንብበውት ለቋሚ ኮሚቴው አስተያየታቸውን ይስጡ። ዕዳው ለአሥርት ዓመታት የሚከፈለው ጨውና ሳሙና ስትገዛ ግብር የምትከፍለዋ ሴትም በምታዋጣው ገንዘብ ነውና፣ ይህን ለመጠየቅ የባንኩን ሪፖርት ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ቢሻሻል ይበቃል።